ሰዓቱ በነጻ፣ ማድረሻው በጀርባ

በዚህ ምድር ላይ «በነጻ» እንደሚባል ነገር ውድ የለም። አትሳቁ... ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ቢያንስ ጨዋ ነው። ልኩን ነግሯችሁ ነው ኪሳችሁ የሚገባው። ትከራከሩታላችሁ፣ ታስቀንሱታላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ። በነጻ ነው ካሏችሁ ግን ምኑን ትከራከራላችሁ? አመስግናችሁ ትቀበሉና ዕድሜ ልካችሁን ስትከፍሉ ትኖራላችሁ።

ይህን ያስነሳኝ መጥበሻ ነው። ባለቤቴ የሺ ሰሞኑን ስልኳ ላይ አንድ ምግብ የማይዝ መጥበሻ አየችና «በነጻ ነው፤ የሚከፈለው ማድረሻው ብቻ ነው» አለችኝ። እኔ «ማድረሻ» የሚለውን ቃል ስሰማ ጀርባዬን ያመኛል። የምሬን ነው! ሐኪም ቤት ሄጄ ምንም አላገኙብኝም። የሕመሜን ምንጭ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው አርፈዋል፣ ሁለተኛዋ ያው መጥበሻ እያዘዘች ነው። እንግዲህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ከደሴ ብቸና ተመድቤ የማስተምር፣ ሱሪዬን በፍራሽ ሥር አስተኝቼ የምተኩስ ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንድቆጣጠር ሞጣ ተላክሁ። እዚያ አንደኛ ክፍል የምታስተምር የሺ የምትባል ልጅ አብራኝ ተመደበች። ተማሪ እንዳይኮርጅ ልጠብቅ ሄጄ እሷን ስጠብቅ ዋልኩ። የሞጣ ተማሪዎች በዚያ ዓመት እንዴት በገፍ እንዳለፉ የጠየቀኝ የለም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

እሷም አልጠላችኝም። ችግሩ አባቷ ናቸው። ግራዝማች አያሌው ሞጣ ውስጥ ሰው ሁሉ መንገድ የሚለቅላቸው፣ በዓይናቸው ያላዩትን ነገር የማያምኑ ሰው ነበሩ። እኔ በአገሩ ዘመድ የለኝም። ስለዚህ ለሽምግልና ጎረቤቴንና ቤት አከራዬን አያ ቢተውን ለመንኩ። አያ ቢተው ገበሬ ናቸው፤ ቸር፣ ደግ፣ ባለ በቅሎ፣ አንድ ነገር በሆዳቸው ማሳደር የማይችሉ ሰው። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው ሞጣ ወረዱልኝ።

ሲመለሱ ፊታቸው ደስ አይልም። ግራዝማች ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው ምን ምን እንዳለኝ ጠየቁ አሉ። መሬት? የለውም። በሬ? የለውም። ወገን? ደሴ ነው። «ታዲያ ምን አለው?» ቢሏቸው አያ ቢተው ደረታቸውን ነፋ አድርገው «ደመወዝ አለው» ብለው መለሱ። ግራዝማች ትንሽ አሰቡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ደመወዝ አይታይም።»

የሚታይ ነገር ይዛችሁ ከመስቀል በፊት ተመለሱ፤ ከመስቀል ማግስት ሌሎች ሽማግሌዎች ቀጥሬአለሁ ብለውም ሸኟቸው። የሌሎቹ ሽማግሌዎች ላኪ የግምጃ ቤት ጸሐፊ መሆኑን የሺ በሰው ላከችብኝ። ሰውዬው ሬዲዮ አለው። አስቡት እንግዲህ... የእኔ ደመወዝ አይታይም፤ የእሱ ሬዲዮ ይታያል፣ እንዲያውም ይሰማል! እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፋ። የሺን ሬዲዮ ሊወስዳት ነው።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው አንድ ቀን ሱቅ ገብቼ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ዓይኔ ያረፈው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የንግድ ቤት ለክቡራን ደንበኞቹ ደወል የሚመታ የግድግዳ ሰዓት በነጻ እሰጣለሁ ይላል። በነጻ! ከሥር በደቃቅ ፊደል፣ ጉንዳን የሄደበት በሚመስል ጽሑፍ፣ «የማጓጓዣና የማሸጊያ ብቻ በቅድሚያ ይላክ» የሚል አለ። ስኳሩን ሱቁ ውስጥ ትቼ ጋዜጣውን ይዤ ወጣሁ።

ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ታደሰ ማስታወቂያውን አነበበና ከላይ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ በእጁ ሸፍኖ የታችኛውን ብቻ ደግሞ እንዳነበው ነገረኝ። በዚህ ማጓጓዣ አንተ ራስህ አዲስ አበባ ደርሰህ፣ ሰዓት ገዝተህ፣ ምሳ በልተህ ትመለሳለህ አለኝ። እኔ ግን የሺን እያየሁ እንጂ ደቃቁን ፊደል እያየሁ አልነበረም። እንኳን ሒሳብ ፊደልም የሚገባኝ ሰዓት አይደለም። በፖስታ ቤት ሐዋላ ላክሁ።

ክረምቱ እየገፋ ሄደ፤ ሰዓቱ የለም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከደጀን በእግሩ የመጣ አንድ መንገደኛ «ሰዓትህ ደጀን ከእትዬ ብርቄ ቡና ቤት ተቀምጧል» ብሎ ነገረኝ። ደጀን? እኔ ያለሁት ብቸና! ቆይቶ ሲገባኝ፣ የንግድ ቤቱ «እስከ ጎጃም እናደርሳለን» ነው ያለው። መኪናው የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ቀና እንዳለ ጎጃም ደርሷል፤ ሰዓቱን አውርዶ ሄዷል። አንድም ውሸት አልተናገሩም። እንዲህ ያለ እውነት ከውሸት በላይ ያናድዳል።

በክረምት ከደጀን ብቸና መኪና አይታሰብም፤ ጭቃው ጎማ ይውጣል። የቀረኝ በቅሎ ነው። ለአያ ቢተው ኪራይ ልክፈልና በቅሎዎን ያውሱኝ ብላቸው ቅር አላቸው። «እኔ በቅሎ አከራይ ነኝ እንዴ፣ አስተማሪው? ራሴ አብሬህ እሄዳለሁ። በነጻ ነው» አሉኝ። አሁን ቢሆን ያቺን ቃል ስሰማ ጫማዬን አውልቄ እሮጥ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ደጀን ስንደርስ ሰዓቱ ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። እትዬ ብርቄ አውጥተው፣ ሞልተው፣ ከጃንሆይ ሥዕል ጎን ሰቅለውታል። የማስቀመጫ እንደማያስከፍሉኝ፣ የሰው አደራ በገንዘብ እንደማይጠብቁ ምለው ነገሩኝ። እውነት ነው፤ አላስከፈሉኝም። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ያሉ ሾፌሮችና ረዳቶች ሰዓቱን ለምደውታል። ላወርደው ወንበር ላይ ስወጣ ሁሉም ዝም ብለው አዩኝ... ሬሳ የማወጣ ነው የመሰለው። አንድ ሽማግሌ ሾፌር እንደው በባዶ አፉ ልትወስደው ነው ወይ አሉኝ። ምን ላድርግ? ለቤቱ ሁሉ ጠጅ አዘዝኩ። ሰዓቱን ተሰናበቱት፤ መረቁት፤ ሁለተኛ ዙር ጠጥተውም ደግመው መረቁት። በነጻ የመጣ ሰዓት ተዝካር ሲበላለት ያየሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በማግስቱ ሰዓቱን ወደ ሣጥኑ መልሰን በቅሎዋ ላይ ጭነን ተነሳን። ከደጀን ገና ወጣ እንዳልን በቅሎዋ ድንጋይ ረገጠች፤ ሰዓቱ ሆዱ ውስጥ ደወሉን «ድንንን» አደረገው። በቅሎዋ ጀርባዋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሯት አያውቅም። ወደ ላይ ዘለለች፣ ወደ ጎን ዘለለች፣ ሰዓቱን ሜዳ ላይ አራግፋ ዞር ብላ አየችው። ሣጥኑ ገለባ ስለነበረበት አልተሰበረም። አባብለን ደግመን ጫንነው፤ ደግማ አራገፈችው። ሦስተኛውን አልሞከርንም፤ ገና ሣጥኑን ስታይ ጆሮዋን ትጥል ጀመር።

አያ ቢተው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ሊሸከሙት አይችሉም። የተረፈው ጀርባ የማን እንደሆነ ትገምታላችሁ። እኔ ሰዓቱን በጠፍር አስሬ ተሸከምኩ። በቅሎዋ ደግሞ ባዶዋን ከምትሄድ ብለው አያ ቢተው ተቀመጡባት። ከፊት አያ ቢተው በበቅሎ፣ ከኋላ እኔ በዋልካ ጭቃ ውስጥ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጀርባዬ «ድንን... ድንን...» እያለ ብቸና ገባን። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ኮፍያውን እያነሳ ይሳለመኝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል የያዝኩ መስሎት ነው።

ቤቴ ገብቼ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ቢተው፤ በምን እንደምከፍልዎ...» አልኳቸው። ይህች አነጋገር ለአፍ ያህል የምትባል ናት አይደል? አያ ቢተው ግን መልስ ነበራቸው። «ገንዘብማ ነውር ነው። በወንፈል ትመልሳታለህ» አሉኝ።

ወንፈልን የማታውቁ ካላችሁ፣ ቀን በቀን መበዳደር ማለት ነው። ዛሬ አንተ በእኔ እርሻ ከዋልክ ነገ እኔ ባንተ እውላለሁ፤ ብር የሚባል ነገር መሐል አይገባም። ገበሬው ሁሉ የሚኖርበት ሸጋ ደንብ ነው። እርሻ ለሌለውና ጎንበስ ማለት ለማያውቅ የደሴ ልጅ ግን... ጊዜው የጤፍ አረም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ያረምኩት የተማሪ ደብተር ብቻ ነው። ጤፍና አረም ደግሞ ገና በቡቃያነታቸው መንታ ወንድማማቾች ናቸው። መጀመሪያ ቀን ጤፉን ነቅዬ አረሙን በክብር ትቼው ስሄድ፣ አያ ቢተው ከኋላዬ መጥተው በደግነት ሳቁና ይቺ ቀን እንደማትቆጠር ነገሩኝ።

ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች፣ የተማሪ ወላጆች ከጎን። «አስተማሪው ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ሲጠይቁ እሰማለሁ። እሳቸው የዋሉልኝን ቀን ጨርሼ፣ ወገቤን ይዤ ቀና ስል፣ አያ ቢተው በትሕትና አንድ ነገር አስታወሱኝ። የበቅሎዋ ቀን ይቀራል።

«በቅሎዋማ ሰዓቱን አልተሸከመችም!» አልኩ።

«ሄዳ መጥታለች፤ ቀኗን ውላለች» አሉ።

ምን ይባላል? እሳቸው ልክ ናቸው። በአገሩ ደንብ የከብት ቀንም ቀን ነው። ለሰውዬው አርሜ ስጨርስ ለበቅሎዋ ማረም ጀመርኩ። እሷም አጥር ሥር ቆማ ሣር እየበላች ሥራዬን ትመለከት ነበር። በዚያ ላይ ዘመን መለወጫው ነውና በዓል በበዓል ላይ ሆነ፤ በዓል በሆነ ቁጥር እርሻ አይወጣም፤ እርሻ ካልተወጣ ቀኔ አይቆጠርም፤ ቀኔ ካልተቆጠረ አያ ቢተው ሞጣ አይሄዱልኝም። መስቀል ግን እየመጣ ነው። ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ሥር ያለው ሰዓት ሲመታ የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ሬዲዮ የሚከፍት ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን አልቅሻለሁ፤ በዝናብ ውስጥ ስለነበር ማንም አላየኝም።

መስቀል ሊገባ ሲል ተጨረሰ፤ ወደ ሞጣ ተነሳን። አማች ሊሆን የሚለምን ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ሰዓቱን የሚሸከም በቅሎ ደግሞ በአውራጃው ውስጥ አልተገኘም፤ የአያ ቢተው በቅሎ ለጓደኞቿ ሳትነግራቸው አልቀረችም። ስለዚህ አንድ መላ መታን። እኔ ተሸካሚ ሆንኩ። ጋቢ ተከናንቤ፣ በባዶ እግሬ፣ የራሴን እጮኛ ልጠይቅ ከሽማግሌዎቼ ኋላ ኋላ «ድንን... ድንን...» እያልኩ ሞጣ ደረስኩ።

ግራዝማች ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም። ሸክሜን አውርጄ ደጅ ስቀመጥ ለዚያ ለደከመው ሰው ጠላ ስጡት ብለው አዘዙ። ጠላውን ያመጣችልኝ የሺ ናት። ቀና ብዬ ሳያት ዋንጫው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ እየሮጠች ጓዳ ገባች።

ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሰዓቱን ከሣጥኑ አወጡ። ግን ማን ያውቀዋል? አንዱ ገልብጦ ያዘው፤ ሌላው ሆዱን ከፈተው። በመጨረሻ ተሸካሚው ይጠራ ተባለ። ገባሁ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ ችካል መታሁ፣ ሰቀልኩት፣ ሞላሁት። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል እንጂ መታ። ግራዝማች አዩት። ፊታቸው ፈታ አለ። «ይሄስ ይታያል» አሉ። ልቤ በደረቴ ውስጥ ከሰዓቱ ጋር መምታት ጀመረ። ቀጥለው ስንት እንደተገዛ ጠየቁ።

አንድ ነገር በሆዳቸው ማሳደር የማይችሉት አያ ቢተው፣ የሚያሞግሱኝ መስሏቸው፣ «በነጻ ነው እንጂ! ምንም አልተከፈለበትም» አሉ።

ሰዓቱ ብቻ ነበር የሚናገር። እኔ ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ግራዝማች ፊታቸውን ከሰዓቱ መልሰው ወደ በሩ አዞሩ። በነጻ ያገኘውን ነገር ይዞ ነው ልጄን የሚጠይቀኝ አሉ፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ጸሐፊውም ሬዲዮውም የሺም በዓይኔ ላይ ሄዱ። አልቆልኛል።

አያ ቢተው ግን ገና አልጨረሱም ነበር። «ሰዓቱ ነው በነጻ፣ ግራዝማች፤ ማድረሻው አይደለም» አሉና ጀመሩ። ደጀንን፣ ጠጁን፣ በቅሎዋን፣ ጭቃውን፣ የራሳቸውን ቀንና የበቅሎዋን ቀን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩት። በነቀልኩት ጤፍ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ሳቅ አመለጣቸው። በመጨረሻም «ይኸው፣ ከብቸና እዚህ ድረስ ያዘለውም እሱ ራሱ ነው» ብለው ወንበር ላይ ወዳለሁት ወደ እኔ ጠቆሙ።

ግራዝማች ቀና ብለው አዩኝ። ከወንበር ውረድ አሉኝ፤ ወረድኩ። እጅህን አምጣ አሉኝ፤ ዘረጋሁ። መዳፌ የተላጠ፣ ጥፍሬ ውስጥ የብቸና ዋልካ የገባበት፣ ጠመኔ ብቻ ያውቅ የነበረ እጅ ነው። ገልብጠው አዩት፤ ደግመው አዩት።

«ደመወዝ አይታይም ብዬ ነበር። ይሄ ግን ይታያል» አሉ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና ይህን ዕድሜ ልኬን የማልረሳውን ፍርድ ፈረዱ። «ልጄ የምትሸጥ ዕቃ አይደለችም፤ በነጻ ነው የምሰጠው። ማድረሻው ግን የራሱ ነው።»

ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። የሺ ናት።

ማድረሻው ምን እንደሆነ የገባኝ ወደ ብቸና ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ከሞጣ ብቸና ሙሽራ በእግሯ አትሄድም። በቅሎ ያስፈልጋል፤ ለሚዜ በቅሎ፣ ለአጃቢ በቅሎ፣ ለሽማግሌ በቅሎ። የብቸና ሰው መቼም ቸር ነው! ለማን በቅሎ ብጠይቅ «በነጻ ውሰድ» ያለኝ እንጂ የነፈገኝ የለም። ከኅዳር ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቾኩን አስቀምጬ ማጭድ እይዛለሁ። ያጨድኩለትን ሰው ብቻ ሳይሆን ያጨድኩላትን በቅሎ ስም ሁሉ አውቅ ነበር። የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቼ እያሞገሱኝ ሲዘፍኑ እኔ ከሙሽራዋ ቀጥሎ የማየው እያንዳንዷን በቅሎ ነበር፤ ይቺ አጨዳ፣ ይቺ ውቂያ፣ ያቺ ለመጪው ክረምት እርሻ...

የግምጃ ቤቱ ጸሐፊም ሠርጌ ላይ መጥቶ ነበር። የሬዲዮው ባትሪ ካለቀ ሰንብቷል አሉ፤ ባትሪው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ማዘኔን አልደብቃችሁም፤ እሱም ማድረሻ አለበት።

ሰዓቱ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ግራዝማች ግን አላወረዱትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳዩ፣ ይሄ ሰዓት በነጻ ነው፣ የመጣው ግን በአስተማሪ ጀርባ ነው ይሉ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ እንደ ማዕረግ ነበር የሚቆጥሩልኝ።

ይህን ጽፌ እዚህ እንደደረስኩ የሺ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። አንብባ ጨረሰችና መነጽሯን አወለቀች።

«ታዲያ ውድ የወጣብህ የቱ ነው፣ ሰዓቱ ወይስ እኔ?»

«ሰዓቱ» አልኩ፣ ቶሎ ብዬ። ይህን ያህል ዓመት በትዳር የኖረ ሰው እዚህ ላይ አያመነታም።

«እንግዲያው ተነስ» አለችኝ። መጥበሻው መጥቷል፤ አድራሹ ደውሎ ብቸና ደርሻለሁ፣ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ነኝ፣ ሰው ይምጣና ይውሰድ ብሏታል። ያው ድልድዩን እንደተሻገረ ሰዓቴን አውርዶ እንደሄደው መኪና ነው። ዝናብ ያካፋል። ጎረቤታችን ባጃጁን አስነስቶ በራችን ላይ ቆሟል። ጤፍ የሚዘራ ሰው ነው፤ የአረም ወቅትም ነው። አንገቱን አውጥቶ «ይግቡ ጋሼ፣ በነጻ ነው የማደርስዎት» አለኝ።

ዱላዬን ይዤ በእግሬ ሄድኩ።